የዱባይ ባስ፦ ሂሳብ ሳያባክኑ ለመጓዝ

በዱባይ ባስ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም። ሹፌሩ ሂሳብ አይቀበልም፣ ትኬትም አይቆርጥም። ስለዚህ ወደ ፌርማታ ከመውጣትዎ በፊት ከሜትሮ ጣቢያ ወይም ከባስ መናኸሪያ ኖል የሚባለውን፣ የጉዞ ሂሳብ የሚሞላበትን ካርድ ይግዙ።

ካርዱ በየቀለሙ ይለያያል፤ ለአብዛኛው ሰው የሚሆነው ሲልቨሩ ነው። ዋጋው 25 ድርሃም ሲሆን ከዚያ ውስጥ 19ኙ ለጉዞ የሚውል ሂሳብ ነው። ቀዩ የወረቀት ትኬት በ2 ድርሃም ስለሚገኝ ብዙዎችን ያታልላል፤ እያንዳንዱ ጉዞ በ1 ድርሃም ይወደድበታል፣ ለባስ የተሞላውም ለሜትሮ አያገለግልም። ለጥቂት ቀን ለመጣ ዘመድ እንኳ አይመከርም። ጎልዱ የሜትሮን የመጀመሪያ ማዕረግ እንጂ ባስ ላይ የሚጨምርልዎ ነገር የለም። ዓመታት ለሚቆይ ሰው ሰማያዊው ይሻላል፤ በስም የተመዘገበ ስለሆነ ቢጠፋ ቀሪ ሂሳቡን ማስመለስ ይቻላል። በሜትሮ ጣቢያ የትኬት መስኮት ከ50 ድርሃም በታች እንደማይሞላም አስቀድመው ይወቁ።

ዋጋው የሚወሰነው በዞን ነው። ከተማዋ በ7 ዞኖች ተከፍላለች። በሲልቨር በአንድ ዞን ውስጥ 3 ድርሃም፣ ወደ ጎረቤት ዞን 5፣ ከሁለት ዞን በላይ ከሆነ 7.5 ይቆረጣል። ለምሳሌ ከደይራ ቡርጅ ኸሊፋ አካባቢ 5፣ ከደይራ ማሪና 7.5 ነው።

ብዙ ሰው ሂሳብ የሚያባክነው ሲወርድ ነው። ሲገቡ ካርዱን ማሽኑ ላይ ያስነኩ፣ ድምፁን ይስሙ፣ ስክሪኑ ላይ ቀሪውን ይመልከቱ። ሲወርዱም ይድገሙት። ሳያስነኩ ከወረዱ ማሽኑ የት እንደወረዱ ስለማያውቅ ሙሉውን 7.5 ይቆርጥብዎታል፤ የሦስት ድርሃም መንገድ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ካርዱን ከቦርሳ ለማውጣት በሩ እስኪከፈት አይጠብቁ፣ ከኋላ ያለው ሕዝብ ይገፋዎታል። ሲገቡ አለማስነካት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፦ ተቆጣጣሪ ካገኘዎት ቅጣቱ 200 ድርሃም ነው። ቁመቱ ከ90 ሴንቲሜትር በታች የሆነ ወይም 5 ዓመት ያልሞላው ልጅ ግን በነፃ ይሳፈራል።

ከአንዱ ባስ ወርደው በ30 ደቂቃ ውስጥ ሌላ ባስ ወይም ሜትሮ ከያዙ እንደ አንድ ጉዞ ይቆጠርልዎታል። እስከ 3 ጊዜ መቀያየር ይፈቀዳል፣ ጠቅላላ ጉዞው ግን ከ180 ደቂቃ መብለጥ የለበትም። በመሃል «ትንሽ ዕቃ ልግዛ» ብሎ ሱቅ የገባ ሰው 30ው ደቂቃ ካለፈበት እንደ አዲስ ይከፍላል። ዕቃውን ከሰፈርዎ ቢገዙ ይሻላል።

የመስመር ቁጥሮችን ፊደላቸው ይገልጻቸዋል። በኤፍ የሚጀምሩት ሜትሮ ጣቢያን ከሰፈር ያገናኛሉ፣ በኤክስ የሚጀምሩት ፈጣን ናቸው፣ በኢ የሚጀምሩት ወደ ሌሎች ኤሚሬቶች ይሄዳሉ። ባሕር ዳር ለሚፈልግ ሰው 8 ቁጥር ጥሩ ነው፤ ከአል ጉበይባ ተነስቶ የጁሜይራን መንገድ ይዞ ቡርጅ አል ዐረብን ያልፋል። ከደይራ የሚመጣ ሰው ክሪኩን፣ ማለትም ደይራን ከአል ጉበይባ በኩል የሚለየውን የባሕር ውሃ፣ በባህላዊው ጀልባ፣ በአብራ፣ በ1 ድርሃም ተሻግሮ እግረ መንገዱን ነፋስ ቢቀበል አይከፋም። እዚህ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ ስለሆነ ሳንቲም ይያዙ።

መነሻና መድረሻውን ስሃይል በተባለው የአርቲኤ (የዱባይ መንገዶችና ትራንስፖርት ባለሥልጣን) አፕሊኬሽን ይፈልጉ። የፌርማታውን ስም ብቻ አይተው አይሂዱ፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው 1 እና 2 ተብለው በመንገዱ ግራና ቀኝ ይቆማሉ፣ ቁጥሩን የተሳሳተ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል። ስህተቱን ለማረም በመኪና መሃል አይሻገሩ፤ ከተፈቀደ ቦታ ውጭ መሻገር 400 ድርሃም ያስቀጣል። በሼክ ዛይድ መንገድ ላይ በሜትሮ ጣቢያው ድልድይ ይለፉ። አዲስ ለመጣ ሐበሻ ሰዓቱም ያምታታዋል፦ አፕሊኬሽኑ 8:00 ሲል ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለቱ ነው። እሁድ ሜትሮ ሥራ የሚጀምረው በዚሁ ሰዓት ስለሆነ፣ ለቅዳሴ በሌሊት የሚወጣ ሰው የባስ መስመሩን ከዋዜማው ይይ።

የፊተኛው ክፍል ለሴቶችና ለሕፃናት ነው፤ ኋላው ሞልቶ ፊቱ ባዶ ቢሆንም ወንድ እዚያ አይቀመጥም። መብላት፣ መጠጣት፣ ማስቲካ ማኘክም 100 ድርሃም ያስቀጣል።

ወደ አቡ ዳቢ ኢ100 ከአል ጉበይባ፣ ኢ101 ከኢብን ባቱታ ይነሳሉ፤ ዋጋው 25 ድርሃም ነው፣ ካርድዎ ላይ ይህ ከሌለ ከሰልፉ ይመለሳሉ። አቡ ዳቢ ውስጥ ኖል ስለማያገለግል ለዚያ ከተማ ባስ ሃፊላት የሚባለውን ካርድ መግዛት ይኖርብዎታል።