በ«ዜልዳ» ጨዋታዎች ላይ የተመሠረተ የመዝናኛ ፓርክ እንዴት ይታቀዳል?

በቪዲዮ ጌም ላይ የተመሠረተ የመዝናኛ ፓርክ በወረቀት ላይ ለማቀድ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከግንቡና ከጭራቆቹ ሥዕል ይጀምራል። ለ«ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ» ግን ይህ አጀማመር አያዋጣም። ሺጌሩ ሚያሞቶ ከታካሺ ቴዙካ ጋር ሆኖ የነደፈውና ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው የመጀመሪያው ጨዋታ፣ ሚያሞቶ በልጅነቱ በጫካና በዋሻ ሲዘዋወር የተሰማውን ስሜት መነሻ ያደረገ ነው፤ ተጫዋቹን የሚማርከውም መንገዱን በራሱ ማግኘቱ ነው። ስለዚህ ከሥዕሉ በፊት ጎብኚው በእጁና በእግሩ ምን እንደሚሠራ ይጻፉ።

ቀጥሎ ከተከታታዩ አንድ ጨዋታ ብቻ ይምረጡ፤ የታሪኩ ምናባዊ ዓለም የሆነችው የሃይሩል ምድር ካርታ ከጨዋታ ወደ ጨዋታ ስለሚለያይ ሁሉንም መቀላቀል ግራ ያጋባል። የእኔ ምርጫ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው «ኦካሪና ኦቭ ታይም» ነው። በዚህ ጨዋታ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሊንክ በሰባት ዓመት በተራራቁ ሁለት ዘመናት መካከል ይመላለሳል፤ በልጅነቱ የደመቀው የከተማው ገበያ በጎልማሳነቱ ፈርሶ የሙታን መንከራተቻ ሆኖ ይጠብቀዋል። ፓርኩ ይህን ለውጥ አዲስ ሕንፃ ሳይሠራ ሊያሳይ ይችላል፤ ቀን የሞቀው ገበያ ፀሐይ ስትጠልቅ በመብራትና በድምፅ ብቻ ወደ ፍርስራሽነት ይለወጣል።

ካርታውን ሲነድፉ እ.ኤ.አ. በ1955 ከተከፈተው ዲዝኒላንድ ሁለት ነገር መዋስ ይጠቅማል፦ ከመሐል ወደ ክፍሎቹ የሚበተኑ መንገዶችና የውጭውን ዓለም የሚጋርድ የአፈር ግንብ። በጨዋታው መሐሉ ሰፊ ሜዳ ነው፤ በፓርክ ውስጥ ግን ባዶ ሜዳ መሬት ይፈጃል፣ ጎብኚውንም ለፀሐይ ያጋልጣልና ያሳጥሩት። ዴዝ ማውንቴን የተባለው እሳተ ገሞራ ከየትም ቢሆን መታየት አለበት፤ ሮለር ኮስተር ካስፈለገም በውስጡ አንድ ይበቃል።

የሥራው ፈተና ያለው በጨዋታው ውስጥ እንቆቅልሽ በሚፈታባቸው ቤተ መቅደሶች ላይ ነው፤ እንቆቅልሽ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሰልፍ ግን አይታገሥም። ስድስት ስድስት ሰዎች በየሦስት ደቂቃው ቢገቡ በሰዓት የሚስተናገዱት 120 ብቻ ናቸው፤ 24 ሰው የሚይዝ የሮለር ኮስተር ባቡር በየደቂቃው ቢነሣ ግን 1,440 ሰው ያስተናግዳል። ቁጥሮቹን ለማመጣጠን አንድ ዓይነት 12 መስመሮች መገንባት የግድ ይሆናል። እኔ ከስድስት አላልፍም፤ የቀረውን አስቀድሞ በሚያዝ የመግቢያ ሰዓት እሸፍነዋለሁ። በአንድ ክፍል ውስጥ ለቆየ ቡድን፣ በጨዋታው ሊንክን እየተከተለች የምትመክረው ክንፋማዋ ፍጡር ናቪ ፍንጭ ትስጠው፤ ተጫዋቾች ጣልቃ ገብነቷን ቢያማርሩም እዚህ ግን ሰልፉን የምታንቀሳቅሰው እርሷ ናት።

እ.ኤ.አ. በ2021 በኦሳካው ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ጃፓን በተከፈተው ሱፐር ኒንቴንዶ ወርልድ ውስጥ፣ የእጅ አንባር የገዙ ጎብኚዎች ብሎኮችን እየመቱ በስልካቸው ላይ የሚመዘገብ ሳንቲም ይሰበስባሉ። ተመሳሳይ አንባር የዜልዳ ጨዋታዎች ገንዘብ የሆነውን ሩፒ ለመሰብሰብ ያገለግላል፤ አረንጓዴው 1፣ ሰማያዊው 5፣ ቀዩ 20 ይቆጠራል። ሆኖም የሩፒዎቹን መደበቂያ በምልክት አያሳዩ፤ ቀስት የተለጠፈበት ምሥጢር ፍለጋውን ያጠፋዋል። ከሁሉ የሚሻለው ምሥጢር በጨዋታው በውኃ የሚኖሩት የዞራዎች ፏፏቴ ይመስለኛል፤ ጎብኚው ኦካሪና በተባለች ትንሽ ዋሽንት የንጉሣውያኑን አጭር ዜማ ሲነፋ ድምፅ ለይቶ የሚያውቅ መሣሪያ የውኃውን መጋረጃ ይከፍታል። መሣሪያው ጥቂት የተዛቡ ድምፆችን ይለፋቸው፤ ኦካሪና ለጀማሪ አስቸጋሪ ነውና።

በመጨረሻም ካርታውን ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ይስጡትና ከበሩ ጀምሮ የሚሄድበትን መንገድ በጣቱ ያሳይ። ብዙ ሰዎች ሳያመነቱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከመረጡ፣ የቀሩት ክፍሎች ከበሩ ላይ የሚታይ ነገር ጎድሏቸዋልና በየአቅጣጫው አንድ ጉልህ ምልክት ጨምረው እንደገና ይሞክሩት።