ልጆች ስጭን የሚዋልለው ኤሌክትሪክ ብስክሌቴ እንዴት ተስተካከለ

ሁለቱን ልጆቼን ከኋላ ጭኜ ከአባይ ማዶ ወደ ከተማ ስመላለስ ብስክሌቱ መታጠፊያ ላይ ይዋልል ጀመር። ትንሿ ልጄ ጃኬቴን በሁለት እጇ ጭምድድ አድርጋ ስትይዝ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። በዚያ ላይ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም የኋላው ከመነዳሪ ሁለቴ ተበሳ። ሚስማር የለም፤ ጎን ለጎን ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ። ጎሚስታው አይቶ "ወንድሜ፣ ይሄ የንፋስ ማነስ ነው፤ ኮብልስቶኑና ቸርኬው መሃል ተቆንጥጦ ነው የተበሳው" አለኝ።

በአውራ ጣት ተጭኖ ማየት አያስተማምንም። በመለኪያ ሲታይ የኋላው 28 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ) ብቻ ነበር። የጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ግን ከ40 እስከ 65 ነው። ብስክሌቱ፣ እኔና ልጆቹ አንድ ላይ 140 ኪሎ ገደማ እንሆናለን፤ አብዛኛው ክብደት ደግሞ የሚያርፈው ኋላ ላይ ነው። ስለዚህ የኋላውን 58፣ የፊቱን 45 አደረግሁ። ልጆቹን ከመጫኔ በፊት 40 ኪሎ ጤፍ አስሬ ሞከርሁት። መዋለሉ ቀረ፤ ኮብልስቶኑ ላይ ግን ያነጥር ስለነበር የኋላውን ወደ 54 ዝቅ አደረግሁት። እሱ ልክ ሆነ።

የመኪና ኮምፕረሰር በቅጽበት ከልክ ያሳልፋል፤ በእጅ ፖምፓ መጨረስ ይሻላል። ደግሞ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ለኩ፤ የባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። የእናንተ ጎማ ቁጥር ከእኔው ሊለይ ይችላል፤ የተጻፈበትን አንብቡ፣ ከጣሪያው በፍጹም አትለፉ። እኔ አሁን በየሰኞው ልጆቹ ቁርስ ሲበሉ እለካለሁ።