የመጽሐፍ ጀርባ ላይ የሚወጣ አስተያየት ውስጥ ስድብ ካለ ምን ታደርጋላችሁ?

መጽሐፍ ልታሳትሙ ነው እንበል፣ ስሙ የሚታወቅ ሰው ረቂቁን አንብቦ አስተያየት ላከላችሁ፣ አስተያየቱ ምርጥ ነው ግን መሃሉ ላይ አንድ ቃል አለች፣ እናታችሁ ፊት ጮክ ብላችሁ የማታነቧት ዓይነት። ታወጧታላችሁ ወይስ እንዳለች ትሂድ? ይሄ ነገር አሁን አሁን ብዙ ያጋጥማል፣ ምክንያቱም ሰው አስተያየቱን በወግ ወረቀት ላይ አርቅቆ ሳይሆን በቴሌግራም ነው የሚልከው፣ አንዳንዱ እንደውም በቮይስ፣ እዛ ላይ ደግሞ ሁሉም እንደ ጓደኛ ነው የሚያወራው። "ይሄ እርጉም ልጅ ገደለኝ ባክህ፣ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም" ይላል። ለጻፈው ሰው ይሄ ከሽልማት በላይ ነው። ሽፋን ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድቡ ይሰረዝ ባይ ነኝ። ግን "ባህላችን አይፈቅድም" ብዬ በሩን ልዘጋው አልፈልግም፣ በዚህ አባባል ስንት ጥሩ ጽሑፍ መሳቢያ ውስጥ እንደቀረ እናውቃለን። ስብሐት ገብረእግዚአብሔር የአዲስ አበባን የሌሊት ኑሮ እንዳየው በግልጽ ቋንቋ ጽፎ ስራው ስንት ዓመት ሳይታተም ቆየ፣ ሲወጣ ደግሞ ሰው የወደደው ያንኑ ግልጽነቱን ነው። ውስጥ ገጽ ላይ ያለ ቃል የራሱ ፍርድ አለው፣ አንባቢው ገዝቶ ገልጦ ፈቅዶ ነው የገባበት። ሽፋንን ግን ያልፈቀደም ያየዋል፣ ያልገዛም ያየዋል፣ ማንበብ ገና የጀመረ ልጅ ፊደል እየቆጠረ ያነበዋል። ውሳኔያችሁ ከዚህ ይነሳ።

መጀመሪያ ሽፋኑ የት የት እንደሚውል አስቡ። ለገሃር ወይ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንድ አዟሪ ቆማችሁ እዩ፣ መጽሐፎቹን ከሆዱ እስከ አገጩ ደርድሮ አቅፎ ነው የሚዞረው፣ ካፌ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው አንዱን ይመዝና መጀመሪያ የሚያደርገው ገልብጦ ጀርባውን ማንበብ ነው፣ ማኪያቶው በአንድ እጁ፣ ልጁ ወይ አማቱ ከጎኑ፣ አዟሪው ደግሞ ፊት ለፊቱ ቆሞ ይገዛ አይገዛ እንደሆነ ፊቱን እያየ። ያ ሰው ያለው ጥቂት ሰከንድ ነው። በዛች ሰዓት ዓይኑን የያዘችው ስድቧ ከሆነች ሌላውን አላነበበውም ማለት ነው፣ ሳቅ ብሎ ለጓደኛው ያሳይና ይመልሰዋል። ውጭ አገርም ቢሆን ያው ነው፣ ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያሉት የሐበሻ ሱቆች ውስጥ መጽሐፍ የሚደረደረው ከበርበሬውና ከእንጀራው አጠገብ ነው፣ ባለሱቋ እትዬ ጀርባውን አንብባ ካልወደደችው ከታች መደርደሪያ ትከተዋለች፣ ማንም አያየውም። የሽፋኑን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ከፍላችሁ ልታስተዋውቁ ካሰባችሁ ደግሞ የሜታ የማስታወቂያ ደንብ ስድብን እንደሚከለክል ቀድማችሁ እወቁ፣ ሽፋኑ ታትሞ ካለቀ በኋላ ይሄን ማወቅ ያናድዳል።

ቀጥሎ ቃሉን መዝኑት፣ ሁሉም አንድ አይደለም። "ምናባቱ"፣ "እርጉም"፣ "ውሻ ልጅ" የሚሉት በፍቅርም ይባላሉ፣ ታላቅ ለታናሽ ሲለው እንደውም ሙገሳ ነው፣ ድምፁን ስትሰሙ ይገባችኋል፣ ችግሩ ሽፋን ላይ ድምፅ የለም። የሰውነት ክፍል የሚጠሩት ከዚህ ይከብዳሉ። እናት የሚነካ ነገር በፍጹም፣ ይሄ ላይ ክርክር አያስፈልግም። ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ አካል ጉዳትን ወይ የሰውን ሙያ መስደቢያ ያደረገ ቃል ደግሞ ቀላል ቢመስልም፣ አስተያየት ሰጪው "እኔ በቀልድ ነው" ቢልም ይሰረዝ፣ እሱ ጉዳይ የጨዋነት ሳይሆን የመበደል ጉዳይ ነው። ሌላም አለ፣ እናንተን እያሞገሰ ሌላ ጸሐፊ የሚሰድብ አስተያየት፣ "ከነእከሌ ቆሻሻ ይሄ በስንት ጣዕሙ" ዓይነት። እሱን ሽፋን ላይ ስታወጡ የስድቡ ባለቤት እናንተም ናችሁ፣ አሳታሚውም ነው፣ ነገሩ ሕግ ፊትም ሊያቆም ይችላል፣ ባያቆም እንኳን የኛ የመጽሐፍ ሰፈር ጠባብ ስለሆነ ነገ በምረቃ ላይ ፊት ለፊት ትገናኛላችሁ።

ከዛ ዋናው ፈተና ይመጣል፣ ቃሉን አውጡና የቀረውን አንብቡ። እኔ በጣም የማምነው በዚህ ነው ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ራሱ ያጠፋዋል። ሁለት አስተያየት ላሳያችሁ፣ ሁለቱንም ለምሳሌ እኔ ነኝ የሰራኋቸው። አንደኛው "ከምር የተረገመ መጽሐፍ ነው፣ ምናባቱ ሆኖ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ፣ አንብቡት!" ይላል። "የተረገመ"ን አውጡ፣ "ምናባቱ"ን አውጡ፣ ምን ቀረ? መጽሐፍ ነው፣ አንብቡት። ባዶ ነው። ስድቡ የተቀመጠው ምንም ያልተባለበትን ቦታ ለመሙላት ነበር ማለት ነው፣ እንዲህ ያለውን ስድቡን እንዳለ ብታቆዩትም ብትሰርዙትም አይረዳችሁም፣ ሰውየውን መልሳችሁ መጠየቅ ነው ያለባችሁ፣ የቱ ቦታ ላይ ነው እንዲህ ያሰኘህ ብላችሁ። ሁለተኛው ደግሞ "ይሄ እርጉም ልጅ ገደለኝ፣ የአባትየውን ቀብር ሳነብ ሰርቪስ ውስጥ ነበርኩ፣ ሰፈሬ አልፎኝ ሄደ" ይላል። እዚህ "ይሄ እርጉም ልጅ ገደለኝ" ቢወጣ "የአባትየውን ቀብር ሳነብ ሰርቪስ ውስጥ ነበርኩ፣ ሰፈሬ አልፎኝ ሄደ" ይቀራል፣ ይሄ ደግሞ ሙሉ ነው፣ እንደውም ጠነከረ፣ ምክንያቱም አንባቢው የቀብሩን ምዕራፍ ለማየት ገጽ መግለጥ ይጀምራል። ያቺ ሰርቪስ ናት መጽሐፉን የምትሸጠው።

ግን እንዳትቆርጡ! ማለቴ ሰውየውን ሳትጠይቁ። አስተያየት የሰውየው ቃል ነው፣ ስሙ ከስሩ አለ፣ ስድቡን ስታወጡም ስታስገቡም ፈቃዱ ያስፈልጋል፣ ስታስገቡ ደግሞ ይበልጥ። በግል የተጻፈ ነገር ለአደባባይ አልተጻፈም። በአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ በጣም የታወቀ ታሪክ አለ፣ የታወቀው ደራሲ ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን በ1855 እ.ኤ.አ. ለወጣቱ ገጣሚ ዋልት ዊትማን አድናቆቱን በግል ደብዳቤ ጻፈለት፣ ዊትማን በሚቀጥለው ዓመት መጽሐፉን እንደገና ሲያሳትም ከደብዳቤው አንድ ዓረፍተ ነገር መዝዞ ከነኤመርሰን ስም በወርቅ ቀለም መደርደሪያ ላይ ሲቆም በሚታየው የመጽሐፉ ጎን ላይ አተመው፣ ሳይጠይቀው። እዛ ውስጥ ስድብ አልነበረም፣ ንጹህ ሙገሳ ነው፣ እንደዛም ሆኖ እስከዛሬ ይወራል። እናንተ ደግሞ አንድ የተከበረ መምህር በቮይስ ያመለጠውን ቃል ሽፋን ላይ ብታወጡት፣ ተማሪዎቹ ቢያዩት፣ ቤተክርስቲያን ወይ መስጊድ የሚያውቁት ሰዎች ቢያዩት አስቡት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ የታተመ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ።

ስትጠይቁ የምትጠቀሙበትን ቃል በትክክል ጻፉለት፣ "አስተያየትዎን ትንሽ አስተካክለነዋል" ብቻ ብላችሁ አትለፉት። ትልቅ ሰው ከሆኑ እንዲህ ብትሏቸው ጥሩ ነው፦ "ጋሼ እንደምን ሰነበቱ፣ የላኩልኝን አስተያየት አንብቤ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ጀርባው ላይ ልናወጣው ያሰብነው ይሄን ክፍል ነው" ብላችሁ ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን ኮፒ አድርጉ፣ ከዛ "የመጀመሪያዋን ሐረግ ትተናታል፣ ሽፋኑ ልጆችም እጅ ስለሚገባ ነው። እንደዚህ ቢወጣ ይስማማሉ? ሌላ ቢሆን የሚሉት ካለም እንዳሉት እናደርጋለን።" ለእኩያ ከሆነ አጭር ነው፣ "ስማ እርጉም የምትለዋን ላውጣት ነው፣ ሰርቪሷ ትቆይ፣ እሺ?" መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ስልክ ላይ "ችግር የለም" ያለ ሰው ከስድስት ወር በኋላ አያስታውስም።

ስትቆርጡ ደግሞ ትርጉሙ እንዳይዞር። "ምናባቱ ነው መጨረሻውን ያበላሸው እንጂ ጥሩ ነው" ከሚል አስተያየት ስድቧን ሰበብ አድርጋችሁ "ጥሩ ነው"ን ብቻ ብታስቀሩ ውሸት ነው፣ ሰውየው ያለው ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ የምትሸጡ ከሆነ የፌደራል ንግድ ኮሚሽኑ መመሪያም ይሄን ይላል፣ ለማስታወቂያ የሚወጣ አስተያየት የሰጪውን እውነተኛ ሐሳብ ይዞ መውጣት አለበት፣ ከቦታው ተነቅሎ ሊጣመም አይችልም። የተሰረዘ ቃል ካለ ሦስት ነጥብ አድርጉበት፣ መጀመሪያው ወይ መጨረሻው ከሆነ እንኳን ባታደርጉ ችግር የለውም፣ መሃሉ ከሆነ ግን የግድ ነው።

"ታዲያ በኮከብ ብንሸፍነውስ?" የሚል አይጠፋም። እንግሊዝኛ ላይ ይሄ ሰርቷል፣ አዳም ማንስባክ በ2011 እ.ኤ.አ. ልጅ አልተኛ ላላቸው ወላጆች በልጆች መጽሐፍ መልክ ያወጣው መጽሐፍ ርዕሱ ላይ ስድብ ነበረው፣ ሽፋኑ ላይ ግን ጨረቃ ጋርዳዋለች፣ ማርክ ማንሰን ደግሞ ርዕሱ ላይ ስድብ ያለበትን መጽሐፉን በ2016 ሲያወጣ የስድቧ አንዷ ፊደል ላይ ቀለም ፈሰሰባት። ልብ በሉ፣ ስድቡን ዋና መሸጫቸው ያደረጉት መጽሐፎች እንኳን ሽፋን ላይ ሸፍነውታል። የኛ ፊደል ላይ ግን ይሄ ዘዴ እምብዛም ነው። እነሱ አንድ አናባቢ ቢያነሱ ቃሉ ይነበባል፣ እኛ ጋ አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ነው የያዘው፣ ብዙዎቹ ጸያፍ ቃላት ደግሞ አጫጭር ናቸው፣ አንዷን ፊደል ስታነሱ አንባቢው ቁጭ ብሎ ይገምታል፣ የሚገምተው ደግሞ ከተጻፈው የባሰ ነው። "እንትን" ብላችሁ ብትተኩትማ ይብሳል፣ ጨርሶ ሰው የማያስበውን ያስባል። ወይ በሙሉ ጻፉት ወይ በሙሉ አውጡት።

በሙሉ መጻፍ የሚያስኬድበት ጊዜ አለ ወይ? አለ። መጽሐፉ ራሱ በዛ ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ፣ ማለትም ገጸ ባሕሪያቱ የሰፈር ልጆች ሆነው እንደሚያወሩት የሚያወሩ ከሆነ፣ የለዘበ ሽፋን አንባቢን ያታልላል፣ ሰው ለእናቱ ስጦታ ይገዛና ሦስተኛው ገጽ ላይ ይደነግጣል። እዛ ላይ አንድ ቀለል ያለች ቃል ከጀርባ ብትኖር "ውስጡ እንዲህ ነው" ብላ አስቀድማ ትነግረዋለች፣ ይሄ አክብሮት ነው። ግን አስተያየት ሰጪው በዛ አፉ የሚታወቅ ሰው ይሁን፣ ቃሏ አንድ ትሁን፣ ከፊት ሽፋን ላይ አትውጣ። ከዚህም የተሻለ ቦታ አለ፣ ውስጥ የመጀመሪያው ገጽ፣ ከርዕሱ ገጽ በፊት፣ እዛ ላይ አስተያየቱን ሙሉውን ከነስድቡ ማውጣት ትችላላችሁ፣ ገልጦ ነው የሚያየው።

ውጭ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር፣ እንግሊዝኛ አስተያየት ወደ አማርኛ ስትመልሱ ተጠንቀቁ። አንዱ ፈረንጅ "ፋኪንግ ብሪሊያንት" ቢላችሁ ቃሏ ማንንም አልሰደበችም፣ "በጣም" ለማለት ነው የገባችው፣ ስለዚህ "ከምር ግሩም ነው" ብላችሁ መልሱት፣ የአማርኛ ስድብ ከፈለጋችሁላት ሰውየው ያላለውን አስባላችሁት።

አስተያየቱ ያለ ስድቡ የማይቆም ከሆነ፣ ሰውየውም ሌላ መጻፍ ካልፈለገ፣ መተው ይቻላል። ሳይመን ኤንድ ሹስተር የሚያህል አሳታሚ ዋናው ክፍሉ በጃንዋሪ 2025 ጸሐፊዎች አስተያየት እንዲያሰባስቡ ከእንግዲህ አላስገድድም ብሏል። በዛ ቦታ ላይ ከመጽሐፉ ውስጥ አንድ ጥሩ አንቀጽ አውጡበት፣ ራሱ ይመስክር።

ሽፋኑ ታትሞ ከሆነስ? መጀመሪያ ማተሚያ ቤቱን መጠረዙን ጠይቁ። ሽፋንና ውስጥ ገጽ ለየብቻ ነው የሚታተሙት፣ ገና ካልተጠረዘ ሽፋኑን ብቻ ደግሞ ማሳተም ይቻላል፣ ከሙሉ መጽሐፉ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ትንሽ ነው። ከተጠረዘ በአስተያየቱ ልክ የተቆረጠ ስቲከር አሰርታችሁ ለጥፉ፣ ላሚኔት በሆነ ሽፋን ላይ ስለሚላቀቅ መጀመሪያ አንድ ኮፒ ላይ ለጥፋችሁ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ፣ ጠርዙን በጥፍራችሁ ሞክሩት፣ ከዛ ነው ሁሉም ላይ የሚለጠፈው።