ደረት ጫን ሲል፦ መጀመሪያ ቁጭ፣ ቀጥሎ ሰዓት

የጡረታ ሹፌር ነኝ። አንጃይና አለብኝ። የምኖረው ደግሞ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስለዚህ ከምላስ ስር የሚደረገው ኪኒን፣ ናይትሮግሊሰሪን፣ ከኪሴ አይለይም።

አንጃይና የሚመጣው የልብን ጡንቻ የሚመግቡት ደም ስሮች ጠበው፣ ልብ ሥራ ሲበዛበት የሚበቃውን ደም ሲያጣ ነው። እኔን ደረቴ መሃል ጫን ይለኝና ወደ ግራ ክንዴና መንጋጋዬ ይሄዳል። ሌላው ሰው ትንፋሽ ብቻ ሊያጥረው ይችላል። እኛ ግን ሁሉንም «ጨጓራ ነው»፣ «ብርድ መትቶኝ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ስትራመዱ እየመጣ ስታርፉ የሚተዋችሁ ከሆነ የጨጓራ መድኃኒቱን ተዉትና ልብ ሐኪም ጋ ሂዱ። የጎረቤት ኪኒን ተውሶ መሞከርም አይሆንም፤ መድኃኒቱ የሚወሰደው ለታዘዘለት ሰው ብቻ ነው።

ሲጀምራችሁ የያዛችሁትን አስቀምጡና ቁጭ በሉ። ደረጃው ላይም ቢሆን። «ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ቤት ልግባና» አይባልም። ይህ መድኃኒት ደም ስር ስለሚከፍት የደም ግፊትን በአንዴ ያወርዳል፤ ቆሞ የወሰደው ሰው ዞሮበት ሊወድቅ ይችላል።

አንዷን ኪኒን ከምላስ ስር አድርጉና እስክትሟሟ ተዉአት። አትታኘክም፣ በውሃም አትዋጥም፤ ከተዋጠች ጉበት አብዛኛውን ያከሽፈዋል። አፋችሁ ደርቆ ከሆነ አስቀድማችሁ በውሃ አርጥቡት። የታዘዘላችሁ የሚረጨው ዓይነት ከሆነ አትወዝውዙት፣ ስትረጩም ወደ ውስጥ አትተንፍሱት።

አሁን ሰዓት እዩ። ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ የታመመ ሰው አምስት ደቂቃን በግምት ሊያውቅ አይችልም። ሐኪማችሁ የተለየ መመሪያ ካልሰጣችሁ በስተቀር፣ 5 ደቂቃ ሞልቶ ሕመሙ ካልቀነሰ ወይም ከባሰ አምቡላንስ ይጠራ። የቀይ መስቀል 907 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና አደጋው 939 አለ። እየጠበቃችሁ ሁለተኛዋን መውሰድ ይቻላል፣ ከሌላ 5 ደቂቃ በኋላም ሦስተኛዋን። ከሦስት በላይ ግን የለም። ራስን እየነዱ ሆስፒታል መሄድ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብ። ዕድሜዬን መሪ ይዤ ኖሬያለሁ፤ ደረቴን እያመመኝ ግን ቁልፍ አልነካም። መሪ ላይ ራሱን የሳተ ሰው ሌላውንም ይዞ ነው የሚሄደው።

አምስት ደቂቃ እንኳን የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። ሕመሙ ቁጭ ባላችሁበት ከመጣ፣ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳችሁ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቃችሁ፣ ወይም ከለመዳችሁት የከበደ ከሆነ ወዲያው ደውሉ። ቀላል ሆኖም ከበፊቱ ቶሎ ቶሎ ወይም ባነሰ ድካም መምጣት ከጀመረ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ኪኒኗ ራስ ታሳምማለች፣ ፊትም ታግላለች። ደም ስሩ መከፈቱ ስለሆነ አትደንግጡ። ምላስ ላይ ካልቆጠቆጠች «አልሠራችም» የሚሉ አሉ፤ መቆጥቆጥ ምልክት አይደለም። ከወሰዳችሁ በኋላ ከተቀመጣችሁበት ተስፈንጥራችሁ አትነሱ። አልኮልም ግፊቱን ይብስ ያወርደዋልና ያን ቀን ይቅር።

አንድ ጎረቤቴ «ይሄ ነገር አይፈነዳም?» ብሎኛል። ናይትሮግሊሰሪን እርግጥ ዲናማይት ውስጥ ያለው ነው፤ ዲናማይትን የፈለሰፈው አልፍሬድ ኖቤል ራሱ በስተርጅናው ለልቡ ታዞለታል። ግን አንዷ ኪኒን ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊግራም እንኳን አትሞላም። አትፈነዳም፤ ትበላሻለች እንጂ። ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ኃይሏን ይጨርሷታል። ስለዚህ ከመጣችበት የመስታወት ብልቃጥ አውጥታችሁ በፌስታል ወይም በሶፍት አትጠቅልሏት። ክዳኑን ጥብቅ አድርጉ። ገላ ላይ በተጣበቀ ኪስ ሳይሆን በጃኬት የላይኛው ኪስ ያዟት፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪናም አትተዉአት። ዘመድ ከውጭ ሲልክላችሁ ማብቂያ ቀኗንና ሚሊግራሟን ፋርማሲ ወስዳችሁ አሳዩ። ብልቃጡ የት እንደሚቀመጥ ቤተሰብ ሁሉ ይወቅ።

ለመከላከልም ትሆናለች። ሐኪም ከፈቀደላችሁ ሕመሙን እንደሚያመጣ ከምታውቁት ሥራ 5 ወይም 10 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ውሰዷት። በዓል ላይ ዶሮ ወጥ ጥግብ ብሎ ወዲያው ዳገት መውጣት ለእኛ ቢቀር ይሻላል። በጾም ምክንያት የጠዋት ኪኒናቸውን የሚዘልሉም አውቃለሁ። ከልብ መድኃኒቶች መካከል በድንገት ሲቋረጡ ሕመሙን የሚቀሰቅሱ አሉ። እኔ ነፍስ አባቴን ጠይቄ «ውሰድ» ብለውኛል።

ወንዶች የማንነጋገርበት ደግሞ አለ። ቪያግራ የወሰደ ሰው 24 ሰዓት ሳይሞላው፣ ታዳላፊል የሚባለውን የቪያግራ ዓይነት መድኃኒት የወሰደ ደግሞ 48 ሰዓት ሳይሞላው ናይትሮግሊሰሪን መንካት የለበትም። ሁለቱ ሲገናኙ የደም ግፊት ይዘቅጣል፣ ሰው ሊሞትም ይችላል። በየሱቁ «የጉልበት» እየተባለ የሚሸጠው ዱቄትና ማርም ውስጡ ምን እንዳለ ስለማይታወቅ አትንኩት። ከእነዚህ አንዱን ወስዳችሁ ደረታችሁን ካመማችሁ ኪኒኗን ተዉና አምቡላንስ ጥሩ። ለመጣው ባለሙያም ምን እንደወሰዳችሁና መቼ እንደሆነ ንገሩት፣ ባለቤታችሁ አጠገባችሁ ቆማ ብትሰማም።