የሥራ ዓለም ሲለወጥ የራስዎን ሥራ እንዴት ይመረምራሉ?

«የእኔ ሙያ ከአሥር ዓመት በኋላ ይኖር ይሆን?» የሚለው ጥያቄ የብዙዎችን እንቅልፍ የሚነሣ ቢሆንም፣ በዚህ መልኩ እስከተጠየቀ ድረስ የሚረባ መልስ አይገኝለትም። እ.ኤ.አ. በ2013 ፍሬይና ኦስቦርን የተባሉ ሁለት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ካለው ሥራ 47 በመቶ የሚሆነው በኮምፒውተር የመተካት ከፍተኛ ሥጋት እንዳለበት ገመቱ፤ ቁጥሩም በየመገናኛ ብዙኃኑ ተደጋግሞ ተነገረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የተሠራ ሌላ ጥናት ግን ሙያዎችን በጅምላ ከመመዘን ይልቅ ሠራተኞች በሥራ ገበታቸው ላይ በእርግጥ የሚያከናውኗቸውን ተግባራት ነጣጥሎ ሲያይ፣ ቁጥሩ ወደ 9 በመቶ ወረደ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ማሽኖቹ አልሰነፉም፤ የተለወጠው ተመራማሪዎቹ ሥራን ከፋፍለው ያዩበት መንገድ ነው። ይህ መመሪያም ሙያዎን ትተው ተግባራትዎን እንዲመረምሩ የሚጠይቅዎት ለዚህ ነው።

ሥራን የሚለውጡት ሦስቱ ኃይሎች፣ ማለትም ቴክኖሎጂ፣ ሉላዊነትና ፍልሰት፣ የሚገቡት በየራሳቸው በር ነው። ቴክኖሎጂ የሚወስደው በግልጽ ደንብ ሊጻፍ የሚችለውን፣ አሁን አሁን ደግሞ ከብዙ ምሳሌዎች ተነሥቶ ሊገመት የሚችለውን ተግባር ነው። ሉላዊነት የሚወስደው በመርከብም ሆነ በኢንተርኔት መስመር ሊላክ የሚችለውን ነው። ሊላክ የማይችለውን ሥራ፣ ለምሳሌ አልጋ ላይ የዋለ አረጋዊን ማገላበጥን፣ ግንብ መገንባትን ወይም ፍራፍሬ መልቀምን በተመለከተ ደግሞ ሠራተኛው ራሱ ድንበር ተሻግሮ ይሄድለታል። የዓለም የሥራ ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም የሥራ ኃይል ውስጥ የነበሩ ፍልሰተኞች 167.7 ሚሊዮን ደርሰዋል።

በሮቹ የተለያዩ ይሁኑ እንጂ አንዱ ሌላውን ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1956 ማልኮም ማክሊን የተባለ የጭነት ማጓጓዣ ባለንብረት 58 ኮንቴይነሮችን በአንዲት መርከብ ጭኖ ከኒውአርክ ወደ ሂዩስተን ሲልክ፣ ለተመልካች ሳጥን ከመደርደር የዘለለ ነገር አይመስልም ነበር። ይሁን እንጂ ጭነትን በጆንያና በካርቶን አንድ በአንድ እየተሸከሙ ያወርዱ የነበሩት የወደብ ሠራተኞች ቁጥር እጅግ የተመናመነው፣ ፋብሪካዎችም ከገዢዎቻቸው በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀው ለመቋቋም የተመቻቸው ያ ሳጥን ከተስፋፋ በኋላ ነው። ስለዚህ በሥራዎ ላይ የሚመጣውን ለውጥ ሲገምቱ አንዱን በር ብቻ ዘግተው አይቀመጡ።

የሁለት ሳምንት ደብተር

ምርመራው የሚጀምረው በደብተር ነው። ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ከሥራ ሲወጡ፣ የሠሩትን በማዕረግዎ ሳይሆን በድርጊት ይጻፉ። «የሒሳብ ሥራ ሠራሁ» የሚል ቃል ምንም አይነግርም። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ በአንድ ቀን የምታደርገውን ቀረብ ብለን እንይ፦ ጠዋት 40 ደረሰኞችን መዘገበች፤ የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ ሠራች፤ ሁለት ጊዜ የተከፈለ ሒሳብ አግኝታ ገንዘቡን አልመልስም ካለው አቅራቢ ጋር በስልክ ተከራከረች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በመዝገብ ላይ ትርፍ እየታየ ለደመወዝ የሚሆን ገንዘብ ለምን እንደጎደለ ለሥራ አስኪያጁ አስረዳች። በማዕረግ ሲታይ አንድ ሙያ ነው፤ በደብተሩ ላይ ግን ዕጣቸው የተለያየ አራት ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቪዚካልክ የተባለው የግል ኮምፒውተር የሒሳብ ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ ከቀረበበት ጊዜ ጀምሮ ቀስ በቀስ ከሰው እጅ እየወጡ ነው። የመጨረሻው ግን ሠንጠረዡ በረከሰ መጠን ተፈላጊነቱ ጨምሯል፤ አኃዝ በበዛ ቁጥር ትርጉሙን የሚያስረዳ ሰው ይፈለጋልና።

ከእያንዳንዱ ተግባር አጠገብ የወሰደብዎትን ሰዓት ያስፍሩ። ብዙ ሰው የሚደነቀው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ተደንቄያለሁ። የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ስለሆነ ደብተሩን ስይዝ ዋናው ሀብቴ ፍጥነቴ እንደሚሆን እርግጠኛ ነበርሁ። ሁለቱ ሳምንታት ሲያልቁ ግን የምኮራበት ፈጣን ረቂቅ ማሽን በሰከንዶች የሚያወጣው ሆኖ፣ ደንበኛው በእርግጥ የሚከፍለኝ «ይህ የውል አንቀጽ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ዓይነት ግዴታ ይጥላል» ብዬ ለምፈርምበት ግማሽ ሰዓት እንደሆነ ተገለጠልኝ።

ለእያንዳንዱ ተግባር የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ዝርዝሩ በእጅዎ ከገባ በኋላ እያንዳንዱን ተግባር እንዲህ ይጠይቁት። ይህን አሠራር በወረቀት ላይ ጽፌ ለማያውቀኝ ጀማሪ ብሰጠው ሳይደውልልኝ ይፈጽመዋል? መልሱ አዎ ከሆነ ማሽንም ሊፈጽመው ይችላል። ውጤቱን ተቀባዩ ፊቴን ሳያይ፣ ቦታውንም ሳልረግጥ ሊረከበኝ ይችላል? እንዲያ ከሆነ ሌላ አገር ያለ ሰውም በአነስተኛ ዋጋ ሊሠራው ይችላል፤ በዚያው መጠን እርስዎም የሌላ አገር ደንበኛ ሊያገኙበት ይችላሉ። የግድ ቦታው ላይ መገኘትን የሚጠይቅ ከሆነስ፣ ይህን ለመሥራት ከሌላ ቦታ የሚመጣ ወይም እኔ የምሄድበት ቦታ አለ? በመጨረሻም ሥራው ቢበላሽ የሚጠየቀው ማን ነው? እኔ ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ ከሌሎቹ የበለጠ ክብደት እሰጣለሁ፤ ማሽን ስሕተት ሲሠራ ተጠርቶ አይወቀስም፣ ፈቃዱም አይነጠቅም፣ ስለዚህ ኃላፊነት ያለበት ፊርማ ከሰው እጅ የሚወጣው በጣም ዘግይቶ ነው።

አንድ ተግባር በማሽን ተወሰደ ማለት ግን ሠራተኛው ወዲያው ይባረራል ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ኤቲኤም እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሥራ ሲጀምር የባንክ ገንዘብ ከፋይ ሙያ ያበቃለት መስሎ ነበር። በአሜሪካ የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ለአንድ ቅርንጫፍ የሚያስፈልጉት ገንዘብ ከፋዮች ቁጥር ሲቀንስ ቅርንጫፍ መክፈት ረከሰ፣ ባንኮችም ብዙ ቅርንጫፍ ከፈቱ፣ የገንዘብ ከፋዮችም ጠቅላላ ቁጥር ለአሥርተ ዓመታት ሳይቀንስ ቆየ። ሠራተኛው ብር ከመቁጠር ይልቅ ደንበኛ ወደ ማነጋገር ዞረ። ቁጥሩ ማሽቆልቆል የጀመረው በኋላ፣ የባንክ አገልግሎት ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክ ሲገባና ቅርንጫፉ ራሱ አስፈላጊነቱ ሲቀንስ ነው። ስለዚህ ተግባርዎን ብቻ ሳይሆን ተግባሩ የሚከናወንበትን ቤትም ይመልከቱ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በተመለከተ አንድ ጥናት ልብ ሊባል ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ በሆነ ጥናት፣ አምስት ሺህ ያህል የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲታገዙ በሰዓት የሚፈቱት ጉዳይ በአማካይ 14 በመቶ ጨመረ፤ ጀማሪዎቹ ዘንድ ግን ጭማሪው ወደ አንድ ሦስተኛ ሲጠጋ፣ ነባሮቹ ያገኙት ጥቅም ኢምንት ነበር። ጀማሪ ከሆኑ መሣሪያውን ዛሬውኑ ይልመዱት። ነባር ከሆኑ ደግሞ በድግግሞሽ ብቻ ያካበቱት ብልጫ እየጠበበ መሆኑን አውቀው፣ ከደብተርዎ ላይ አንድ ከባድ ተግባር መርጠው ቀጣዩን ስድስት ወር በእሱ ላይ ያለዎትን ችሎታ ለማዳበር ያውሉት።

ከሩቅ ለሚሠሩ

የውጭ አገር ደንበኛ ካገኙ ዋጋ ከመስማማትዎ በፊት ሥራው «ተጠናቀቀ» የሚባለው መቼና በማን ውሳኔ እንደሆነ በጽሑፍ ያስቀምጡ፤ በርቀት ሥራ ላይ የሚነሡት አብዛኞቹ ጠቦች የሚመነጩት ከዚህ ነው። ሥራ የሚያገኙት በፕላትፎርም፣ ማለትም ሠራተኛንና ደንበኛን በኢንተርኔት በሚያገናኝ መድረክ በኩል ከሆነ ደግሞ የሚያዝዝዎት አልጎሪዝም (የኮምፒውተር ቀመር) ቢሆንም በወረቀት ላይ «የራስዎ አለቃ» ተብለው ሊመዘገቡ ይችላሉ። ይህ ስያሜ ግን የመጨረሻ ቃል አይደለም። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ጉዳያቸውን ያቀረቡ፣ በስልክ መተግበሪያ ተሳፋሪ የሚያገናኘው የኡበር ሾፌሮች ሠራተኞች ናቸው ብሎ ሲወስን የመረመረው በወረቀቱ የተጻፈውን ስያሜ ሳይሆን ዋጋውንና አሠራሩን ማን እንደሚወስን ነበር። በዚህ ምክንያት የትእዛዞችን፣ የክፍያዎችንና የደንበኛ ምዘናዎችን ቅጂ በራስዎ ዘንድ ያስቀምጡ፤ አካውንትዎ በአንድ ሌሊት ቢዘጋ የሥራ ልምድ ማስረጃዎ አብሮ እንዳይጠፋ።

አገር ለቅቀው ለሚሄዱ

እዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አብዛኛው ሰው ቪዛ ካገኘ በኋላ ስለ ትምህርት ማስረጃው ይጠይቃል፤ ትክክለኛው ግን ተቃራኒው ነው። ነርስ፣ መሐንዲስ ወይም መምህር ከሆኑ፣ የሚሄዱበት አገር በሙያው ለመሥራት ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑንና የማስረጃዎ አቻ ግምት ስንት ወር እንደሚፈጅ ገና ቤትዎ ሳሉ ያጣሩ፤ ከሄዱ በኋላ ሲጣራ ነርስ የነበረች ሴት ለዓመታት በጽዳት ሥራ ላይ ልትቆይ ትችላለች። የዩኔስኮ አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2019 የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃዎችን ዕውቅና የሚመለከት ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቁ ሲሆን፣ ስምምነቱ በ2023 ሥራ ላይ ውሏል። መድረሻዎ ስምምነቱን የተቀበለ አገር ከሆነ ማስረጃዎ በፍትሐዊ መንገድ እንዲመዘን መጠየቅ ይችላሉ።

ቀጥሎ ገንዘቡ ይመጣል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው 181ኛው ስምምነት፣ የግል የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች ከጥቂት የተፈቀዱ ሁኔታዎች በቀር ከሠራተኛው ክፍያ መቀበል እንደሌለባቸው ይደነግጋል። በተግባር ደላላው ገንዘብ ከጠየቀዎት የተጠየቁትን በወር ደመወዝዎ ሳይሆን፣ ከደመወዝዎ ላይ ምግብ፣ መኖሪያና ለቤተሰብ የሚልኩት ከተነሣ በኋላ በሚተርፈው ያካፍሉት። ውጤቱ ዕዳውን ለመክፈል ብቻ የሚሠሩባቸውን ወራት ይነግርዎታል። ወራቱ ከውሉ ዘመን እኩሌታ ካለፉ እኔ አልሄድም።

ውሉን በሚያነቡት ቋንቋ ካልተሰጠዎት አይፈርሙ፤ ሲያነቡም «ደመወዝ» ከሚለው ቃል ይልቅ «ተቀናሽ» የሚለውን ይፈልጉ። የፈረሙበትን ቅጂ ፎቶ አንሥተው በአገር ቤት ለሚቀር ለሚያምኑት ሰው ይላኩ፤ ሲደርሱ ሌላ ውል ቢቀርብልዎት የሚያመሳክሩበት ይኖርዎታል። ፓስፖርትዎን «ለጥንቃቄ» ልያዝልዎ የሚል አሠሪ ቢያጋጥምዎት፣ የመታወቂያ ሰነድን መያዝ የዓለም የሥራ ድርጅት ከዘረዘራቸው 11 የግዳጅ ሥራ ምልክቶች አንዱ መሆኑን ይወቁ።

ወደ አገር ቤት ገንዘብ ሲልኩ በመስኮቱ ላይ የተለጠፈውን የአገልግሎት ክፍያ ብቻ አይዩ። የተባበሩት መንግሥታት የሐዋላ ወጪ እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ግብ ቢያስቀምጥም፣ በዓለም ባንክ መረጃ መሠረት አማካይ ወጪው አሁንም ከ6 በመቶ በላይ ነው፤ ከዚህም አንዱ ክፍል የሚደበቀው በምንዛሪ ተመኑ ውስጥ ነው። ስለዚህ በሚልኩበት ቀን ሁለት ድርጅቶችን «200 ዶላር ብልክ ተቀባዩ እጅ ስንት ይገባል?» ብለው ይጠይቁና የሚያነጻጽሩት ያንን አንድ ቁጥር ይሁን።

ቢሄዱም ቢቀሩም በስድስተኛው ወር አዲስ ደብተር ይያዙ። የቀድሞውን ሳይገልጡ የሁለት ሳምንት ተግባራትዎን እንደገና ይጻፉ፤ ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ከአዲሱ ዝርዝር የጠፋ ተግባር ካለ አሁን ማን እንደሚሠራው ይጠይቁ፤ ፕሮግራም ይሁን፣ በሌላ አገር ያለ ቢሮ ይሁን፣ ወይስ ባለፈው ወር ከውጭ መጥቶ አጠገብዎ የተቀመጠው ባልደረባ።