ቡናማ አልጌን አኳሪየሙን ሳታፈርሱ ማስለቀቅ

አዲስ አኳሪየም ውሃ ከገባበት ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ መስታወቱ፣ ጠጠሩና የተክሎቹ ቅጠል ቡናማ አቧራ የለበሰ ይመስላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጥና ዓሦቹን በባልዲ ያወጣል፣ ጠጠሩን በቧንቧ ውሃ ያጥባል፣ ፊልተሩን በሳሙና ይፈትጋል፣ ከዚያም ሁሉንም ከዜሮ ይጀምራል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቡናማው ተመልሶ ይመጣል፤ ባስ ሲልም ዓሣ ይሞታል። እንዲህ ሲታጠብ የሚጠፋው አልጌው ብቻ አይደለም። ፊልተሩና ጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚወጣውን አሞኒያ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎችም አብረው ይጠፋሉ። ቡናማ አልጌ ደግሞ እንዲህ ገና ያልረጋ ውሃ ይስማማዋል።

በአኳሪየም ውስጥ ቡናማ አልጌ የምንለው ዲያተም የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ነው። የሕዋሱን ግድግዳ የሚሠራው አሸዋና መስታወት ከሚሠሩበት ማዕድን፣ ከሲሊካ ስለሆነ ውሃው ውስጥ የሟሟ ሲሊካ ካላገኘ መራባት አይችልም። ሲሊካው በአብዛኛው የሚመጣው ከምንጨምረው ውሃ ነው። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚወጣ የጉድጓድ ውሃ ሲሊካው ከፍ ያለ ስለሚሆን፣ አዲስ አበባም ሆነ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ዓሣ የሚያረባ ሰው ቡናማው ቢበረታበት አይግረመው። ውሃውን ማፍላት፣ ማሳደር ወይም በከሰል ማጣራት ሲሊካን አይቀንስም። የታሸገ ውሃም ቢሆን ከጉድጓድ የተቀዳ ሊሆን ስለሚችል ገንዘባችሁን አታባክኑ። አሸዋውን የሚወቅሱም አሉ፤ ነገር ግን ንጹሕ የኳርትዝ አሸዋ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ በጥቂቱ ነው። አሸዋ ከመግባቱ በፊት ውሃው ጥርት እስኪል በባልዲ ደጋግሞ መታጠቡ ይበቃል።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት በእርግጥ ዲያተም መሆኑን አረጋግጡ። መስታወቱን በጣታችሁ ጠረግ አድርጉት። ያለምንም ትግል ከለቀቀና ውሃው ውስጥ እንደ ጭስ ከተበተነ ዲያተም ነው። እንደ ቆዳ ተገሽልጦ የሚነሳ፣ የሚያሙለጨልጭና የሚሸት ከሆነ ሳያኖባክቴሪያ የሚባል አልጌ የሚመስል ባክቴሪያ ነው፤ እሱ ሌላ ሕክምና ይፈልጋል። ቅጠል ጠርዝ ላይ እንደ ጥቁር ጢም በቅሎ አልለቅ የሚለውም ሌላ ዓይነት አልጌ ነው። ዲያተም ለዓሣ መርዝ አይደለም። ጉዳቱ ቀስ ብለው የሚያድጉ እንደ አኑቢያስ ያሉ ተክሎች ላይ ነው፤ ቅጠላቸውን ሸፍኖ ብርሃን ይከለክላቸዋል።

ሳምንታዊው ጽዳት

60 በ30 በ35 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም በስሌት 63 ሊትር ይይዛል። ጠጠሩና ከላይ የሚተወው ክፍት ቦታ ሲቀነስ ግን እውነተኛው ውሃ 50 ሊትር ገደማ ነው። የክሎሪን ማጥፊያም ሆነ ሌላ መድኃኒት ስትለኩ ይህን ቁጥር ያዙ።

በመጀመሪያ የሂተሩንና የፊልተሩን ሶኬት ንቀሉ። ሂተሩ እንደጋለ ከውሃ በላይ ከቀረ የራሱ መስታወት ይሰነጠቃልና ውሃ ከመቀነሳችሁ በፊት 15 ደቂቃ ያህል ይቀዝቅዝ። ከዚያ ሳሙና ነክቶት በማያውቅ ለስላሳ ስፖንጅ መስታወቱን ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። ጠጠሩ አጠገብ ስትደርሱ ስፖንጁን አቁሙ፤ በስፖንጁና በመስታወቱ መካከል የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የማይጠፋ ጭረት ታወጣለች። የታችኛውን 2 ሴንቲ ሜትር በአሮጌ የባንክ ካርድ ጠርዝ ፋቁት። አኳሪየሙ ከመስታወት ሳይሆን አክሪሊክ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ ግን ካርዱን ተዉት፣ በጨርቅ ብቻ ጥረጉ። ቅጠሎቹን በአንድ እጅ ከሥር ደግፋችሁ በሌላው ጣት አበስ አበስ አድርጓቸው።

የተጠረገው ሁሉ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል። ትታችሁት ከሄዳችሁ ጠጠሩ ላይ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ወዲያው በቱቦ መምጠጥ አለባችሁ። ግልጽ የላስቲክ ቱቦውን አኳሪየሙ ውስጥ አስጥማችሁ ውሃ ሙሉት፣ አንዱን ጫፍ በአውራ ጣት ደፍናችሁ ከአኳሪየሙ ዝቅ ወዳለ ባልዲ አውርዱና ልቀቁት። በአፍ መሳብ አያስፈልግም። 15 ሊትር እስኪወጣ ድረስ ቱቦውን ጠጠሩ ውስጥ እየከተታችሁ አንድ ሦስተኛውን ብቻ አጽዱ፤ የቀረው ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ይቆይ።

የፊልተሩን ስፖንጅ ከአኳሪየሙ በወጣው በዚያው ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ አድርጉና መልሱት። ቡናማ መስሎ ቢቀር ችግር የለውም፣ እንዲያውም እንዲያ ነው መሆን ያለበት። በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድላል። ስፖንጁ ሁለት ከሆነ ዛሬ አንዱን፣ ከ2 ሳምንት በኋላ ሌላውን እጠቡ።

የሚተካው 15 ሊትር ውሃ ክሎሪኑ የወጣለት፣ ሙቀቱም ከአኳሪየሙ ከ2 ዲግሪ በላይ ያልራቀ ይሁን። ማጥፊያ ከሌላችሁ ሰፊ አፍ ባለው ባልዲ ሳትከድኑ 24 ሰዓት አሳድሩት፤ የአየር ፓምፕ ብትጨምሩበት ይፈጥናል። ይህ የሚሠራው ለክሎሪን ብቻ ነው። ውጭ አገር የምትኖሩ፣ የከተማችሁ ውሃ በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ ተዋህደው በሚሠሩት) የሚታከም ከሆነ በማሳደር አይለቅምና ማጥፊያውን ግዙ። ውሃውን ጠጠሩ ላይ ባስቀመጣችሁት ሰሃን ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ።

ብርሃን፣ ምግብና የመብራት መጥፋት

አኳሪየሙን በጨርቅ ሸፍኖ ማጨለም ለዲያተም እምብዛም አይሠራም፤ ከሌሎች አልጌዎች ይልቅ ደካማ ብርሃን ይችላልና። ብርሃኑን ማብዛትም አረንጓዴ አልጌ ይጠራል። በቀን በጠቅላላው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ በታይመር ይበራ። ጥርስ ባለው ዲስክ የሚሠራ ታይመር መብራት ሲጠፋ አብሮ ስለሚቆም፣ ከእያንዳንዱ መቋረጥ በኋላ ሰዓቱን አስተካክሉ፤ አለዚያ አምፖሉ ሌሊት ሲበራ ያድራል።

ምግብ በቀን አንዴ፣ ዓሦቹ በ2 ደቂቃ ጠርገው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ስጡ። የተረፈው በስብሶ አልጌውን ይቀልበዋል።

መብራት ለብዙ ሰዓት ሲጠፋ ዝግ ፊልተር (ከአኳሪየሙ ውጭ የሚቀመጥ፣ የተከደነ ዕቃ) ውስጥ ያለው ውሃ ኦክስጅን ያጣል፣ ባክቴሪያውም ይሞታል። መብራቱ ሲመጣ የተበላሸውን ውሃ በቀጥታ ወደ ዓሦቹ እንዳይረጨው ሶኬቱን ነቅላችሁ ቆዩ። ፊልተሩን ከፍታችሁ ስፖንጁን በአኳሪየም ውሃ ካለቀለቃችሁ በኋላ አስነሱት። በየሳምንቱ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕና ቀላል የስፖንጅ ፊልተር ውድ ከሆነው ዝግ ፊልተር ይሻላሉ።

አልጌ በሎችና መድኃኒት

ኔራይት ቀንድ አውጣ ዲያተምን አሳምራ ትበላለች፣ በጨው አልባ ውሃም ልጆቿ አያድጉም፤ ብቻ ነጫጭ እንቁላል ድንጋይ ላይ ትለጥፋለች። ኦቶሲንክለስ የሚባለው ትንሽ ዓሣም ጎበዝ ነው፤ ግን በቡድን፣ ቢያንስ 5 ሆኖ መኖር ይፈልጋል፣ ገና ባልረጋ ውሃም ቶሎ ይሞታል። አሞኒያና ባክቴሪያው አሞኒያን ሲያብላላ የሚፈጠረው ናይትራይት በመለኪያ 0 ሳይሆኑ አታስገቡት። አልጌው ሲያልቅ እንዳይራብ የተቀቀለ ዝኩኒ ስጡት። ፕሌኮ የሚባለውን ተራ አልጌ በል ዓሣ ለ60 ሴንቲ ሜትር አኳሪየም አትግዙ፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። መዳብ ያለባቸው የአልጌ መድኃኒቶች ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ስለሚገድሉ ለዲያተም ብሎ እነሱን መጨመር ተገቢ አይደለም።

ፕላስቲክ ጌጥ በጣም ከቆሸሸ አውጥታችሁ በ1 ሊትር ውሃ 50 ሚሊ ሊትር ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና ውስጥ ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ከዚያ አለቅልቃችሁ የክሎሪን ማጥፊያ በበዛበት ውሃ አቆዩትና የበረኪናው ሽታ ፈጽሞ ሲጠፋ መልሱት። እንጨት ግን በረኪናውን ስለሚመጥ እንዲህ አይታጠብም።

በዚህ አያያዝ ባክቴሪያው እየበረከተ፣ ተክሎቹም እየጠነከሩ ሲሄዱ ቡናማው በአብዛኛው 2 ወር ሳይሞላው ራሱ ይከስማል። 3 ወር አልፎት ካልቀነሰ የቧንቧውን ውሃ በሲሊኬት (ውሃ ውስጥ በሟሟ ሲሊካ) መለኪያ ፈትሹ። ከፍ ያለ ከሆነ በፊልተሩ ውስጥ በከረጢት የሚቀመጥ የብረት ኦክሳይድ ጠጠር ሲሊኬትንም ፎስፌትንም ይይዛል፤ ሲሞላ ግን መሥራቱን ስለሚያቆም መቀየር አለበት። ሌላው መንገድ ከሚተካው ውሃ ግማሹን በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በጣም ስስ በሆነ ማጣሪያ በማሳለፍ) የተጣራ ማድረግ ነው። ለዓመት ያህል ንጹሕ የነበረ አኳሪየም በድንገት ቡናማ ከለበሰ ደግሞ ከጌጡ ሥር የሞተ ዓሣ ፈልጉ፣ ፊልተሩ ውሃ የሚገፋበት ጉልበት መቀነሱንም ተመልከቱ።