ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም፤ ፍተሻው ከየት ይጀምራል?

በማይክሮ ዩኤስቢ፣ ማለትም በቆየው ጠባብ የቻርጅ ቀዳዳ ውስጥ 5 እግሮች (የብረት መገናኛዎች) አሉ። 1ኛው 5 ቮልት ያስገባል፣ 5ኛው ግራውንድ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ) ነው፤ ለቻርጅ ሁለቱ ይበቃሉ። ፎቶና ፋይል የሚያልፈው በ2ኛውና በ3ኛው፣ በዳታ መስመሮቹ ነው። ስለዚህ ቻርጅ ማድረጉ ብቻ ቀዳዳው ደህና ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ኮምፒውተሩ ስላላየው ብቻ ቀዳዳውን መቀየርም ችኮላ ነው።

መጀመሪያ ኬብሉን ይቀይሩ። ደሴ ፒያሳም ይሁን ኮምቦልቻ፣ መንገድ ዳር ከሚሸጡት ርካሽ ኬብሎች መካከል የዳታ ሽቦ ጭራሽ የሌላቸው አሉ። ለፍተሻ የሚሆነው ሌላ ስልክ ኮምፒውተር ላይ ያሳየ ኬብል ነው። ከሰኩ በኋላ የስልኩን ሎክ ከፍተው፣ ከላይ ከሚወርደው ማሳወቂያ ፋይል ማስተላለፍን ይምረጡ። አብዛኞቹ አንድሮይዶች ሲሰኩ ቻርጅ ብቻ ላይ ነው የሚቆሙት።

ኬብሉ እስከ መጨረሻ ካልገባ ቀዳዳው አቧራና የኪስ ብናኝ ጠቅጥቋል፤ የኮምቦልቻ ባጃጅ ሹፌሮች ስልክ ላይ ይህ አይገርምም። ስልኩን አጥፍተው በቀጭን የእንጨት ስንጥር ያውጡት። መርፌ እግሮቹን ያጣምማል፣ ሾርትም ያደርጋል፤ ማለትም መነካካት የሌለባቸውን ያገናኛል። የደሴ ክረምት እርጥበት አረንጓዴ ዝገት ካወጣበት፣ ለስላሳ ብሩሽና 90 ከመቶ በላይ የሆነ አልኮል ያስፈልጋል፤ ሳይደርቅ አይሰካ።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ስልኩ ይከፈታል። ባትሪውን ነቅለው መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) የዳዮድ ምልክት ያለበት ቦታ ላይ ያድርጉ፤ ቀዩን ጫፍ ግራውንድ ላይ፣ ጥቁሩን በየተራ ሁለቱ የዳታ እግሮች ላይ። ሁለቱ ንባቦች መቀራረብ አለባቸው። አንዱ ምንም ካላነበበ መስመሩ ተቆርጧል፦ የእግሩ ብየዳ ለቋል ወይም በመንገዱ ላይ ያለው ፊልተር (ረብሻ የሚያጣራ ትንሽ ክፍል) ሞቷል። ዜሮ አካባቢ ካነበበ ሾርት አለ፤ ቀድሞ የሚጠረጠረው ከቀዳዳው አጠገብ ያለው መከላከያ ዳዮድ (መስመሩን ከድንገተኛ ቮልቴጅ የሚጠብቅ ትንሽ ክፍል) ነው። ቀዳዳው በትንሽ የቻርጅ ቦርድ ላይ ከሆነ ግን፣ ብየዳ ከማሰብ በፊት ወደ ዋናው ቦርድ የሚሄደውን ፍሌክስ (ተጣጣፊ ጠፍጣፋ ኬብል) ነቅሎ መልሶ መሰካት ይቀድማል።

ቻርጁም ከዘገመ የዳታ መስመር ተቆርጧል የሚለው ጥርጣሬ ይጠናከራል። ተራ ቻርጀር ሁለቱን የዳታ መስመሮች አገናኝቶ ነው ቻርጀር መሆኑን የሚያሳውቀው፤ መስመሩ ከተቆረጠ ብዙ ስልክ ከ500 ሚሊአምፔር አካባቢ በላይ አይስብም።

ታይፕ ሲ፣ ማለትም በሁለቱም ፊት የሚሰካው አዲሱ ቀዳዳ፣ ሌላ ጣጣ አለው። በአንድ ፊቱ ሠርቶ ሲገለበጥ እምቢ ካለ፣ የአንዱ ረድፍ እግር ተበላሽቷል። በተለመደው ሰፊ ጫፍ ኬብል ቻርጅ እያደረገ በሲ ለሲ ኬብል ካልሠራ ደግሞ ሲሲ የሚባሉትን መስመሮች ይፈትሹ፤ ቻርጀሩ በእነሱ በኩል ስልክ መሰካቱን ካላወቀ 5 ቮልቱን አይለቅም።